የማይጾም ውሃ

ቆቦ ላይ ፍሪጅ ያለው ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ብቻውን አይጠጣም። የቆንጅት ፍሪጅም የግቢው ሁሉ ነበር። በተለይ የጓሮውን ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ሰልዋ የማፍጠሪያ ውሃዋን ጠዋት ታስገባለች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መጥታ ትወስዳለች። በዚያ ዓመት ሑዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገብተው ነበርና ሁለቱ ሴቶች ቀን ቀን አብረው ይራባሉ፣ ሲመሽ አብረው ይሳሳቃሉ።

ታዲያ ጾሙ ገባ ከተባለ ብዙም ሳይቆይ የፍሪጁ ውሃ ጣዕሙ ተበላሸ። ቆንጅት መጀመሪያ ከቧንቧው መስሏት ነበር። የቆቦ ውሃ ድሮም ጨው ጨው ይላል፣ ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ከቧንቧው ቀድታ ስትቀምሰው ደህና፣ ፍሪጅ ሲያድር የማይጠጣ። ጆጉን በሎሚ አሸችው፣ ፍሪጁን በኮምጣጤ ወለወለችው፣ ወይ ፍንክች።

ጨነቃትና ፍሪጅ ጠጋኙን ታሂርን አስጠራች። ከፍቶ አየ፣ ጆጉን አነሳና አሸተተ፣ ክዳኑ የት እንደገባ ጠየቃት። ከተሰበረ ቆየ አለችው።

«ፍሪጁ ጤነኛ ነው፣ እትዬ» አላት። «ክፍት ውሃ አጠገቡ ያለውን ሽታ ይስባል። መብራት እየጠፋ ደግሞ የቀለጠ ነገር ይሸታል። ውስጡ የሚሸት ነገር ካለ ይፈልጉ።»

ቆንጅት ተቀየመችው። እርሷ ቤት በሑዳዴ ምን የሚሸት ነገር ይኖራል? ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ የተረፈ ሽሮ። ባሏ አላምረው ደግሞ የጽዋ ማኅበሩ ሙሴ ነው፣ ማኅበርተኛውን የሚመራ ሰው። በጥር ደሙ አንሶ ወልድያ ሲታከም ሐኪሙ ሥጋና ጉበት አዝዞለት ነበር። የንስሐ አባቱም ሕመምተኛ ነህና ፈቅጄልሃለሁ ብለውታል። እርሱ ግን በማኅበርተኛው ፊት ብድግ ብሎ «ከፋሲካ በፊት ሥጋ ከምቀምስ አፈር ልቅመስ» አለ። ቆንጅት ይህን ለሰው ስታወራ ደረቷን ነፍታ ነው። ደግሞም ጾሙ ተስማማው። ገርጥቶ የነበረው ፊቱ ወዛ፣ ከሠርክ ጸሎት ሲመለስ አረማመዱ የጎረምሳ ሆነ። የጸሎትን ነገር እዩት እያለች ለሰልዋ ሳይቀር ትነግራታለች። ሰልዋም አልሐምዱሊላህ ትላለች።

ጉዱ የወጣው ማኅበሩ እነርሱ ቤት የተጠጣ ዕለት ነው። ቀኑ ሐሩር ነበር። አያ ፈንታው የሚባሉ ሽማግሌ ጠላውን ትተው ቀዝቃዛ ውሃ ጠየቁ። ቆንጅት ዛሬስ ምንም አይለውም ብላ ቀዳችላቸው። አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ፣ አፋቸው ውስጥ አቆዩት፣ በግድ ውጠው ብርጭቆውን አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይቺ ውሃ አትጾምም እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቆንጅትም ሳቀች፣ ግን ኀፍረቱ እስከ ጆሮዋ አጋላት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የሙሴው ሚስት ናት እኮ።

ጓዳ ገብታ የፍሪዘሩን በረዶ በቢላ ትፈቀፍቅ ጀመር። ከበረዶው ኋላ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ሥጋ ወጣ፤ ቀልጦ እንደገና የረጋ፣ ሽታው አፍንጫ የሚይዝ። በሑዳዴ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ዝግ ነው፣ ክፍቱ የሙስሊሙ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ማሰብ አላስፈለጋትም።

ሰልዋ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ቆንጅት ፌስታሉን አንጠልጥላ ወጣች፣ ማኅበርተኛውም ተከትሏት ወጣ።

«ይሄ ያንቺ ነው?»

ሰልዋ ፌስታሉን አየች። ቀና ብላ ከሰዎቹ መሀል የቆመውን አላምረውን አየችው። እርሱ አንገቱን ደፍቷል። ቆንጅት በሰልዋ ያፈረ መሰላት።

«የኔ ነው፣ እትዬ። አውፍ በይኝ» አለች ሰልዋ። ሥጋውን ተቀብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

ከዚያ ወዲያ ውሃው እንደ ድሮው ሆነ። ቆንጅት ግን ደስ አላላትም። ሰልዋ ውሃዋን ማምጣት ተወች፤ ቀኑን ሙሉ ጾማ በጀሪካን የሞቀውን ትጠጣለች። ሰላምታዋ አልጎደለም፣ ሳቋ ነው የጠፋው። ሰንብቶም ከኢድ በኋላ ክፍሉን ለቃ ሮቢት ወንድሟ ዘንድ እንደምትገባ ተሰማ። ያ ሁሉ የጦርነት ጊዜ ያልለያያቸውን አንድ ፌስታል ሥጋ ሊለያያቸው ነው። ያን ጊዜ አንድ እንጀራ ለሁለት ቆርሰው አድረዋል። ሥጋውን በጓዳ፣ ለብቻዋ ብትሰጣት ምን ነበረበት? ቆንጅት ስታስበው በራሷ አፈረች። አላምረውን አማከረችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ተያት፣ እኔው አናግራታለሁ አላት። እርሱም ሳያናግራት ቀናቱ ሄዱ።

በመጨረሻ ቆንጅት ቆረጠች። አመሻሹ ላይ አላምረው ለሠርክ ጸሎት ጋቢውን ሲደርብ፣ እርሷ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ጆግ ይዛ ቀድማው ወጣች። የመግሪብ አዛን ተሰምቶ አልቋል። የሰልዋ በር ገርበብ ብሏል፣ የሥጋ ጥብስ ይሸታል። ይሽተት፣ ሐቋ ነው፣ ቀን ስትጾም ውላለች። ቆንጅት እግሯ ላይ ወድቃም ቢሆን እንዳትሄድ ልትለምናት ነው የመጣችው። የይቅርታውን ቃል አፏ ላይ አዘጋጅታ ወደ በሩ ተጠጋች።

ሰልዋ ኮቴ ሰማች። ፊቷን ከምድጃው ሳትመልስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ይግቡ ጋሽ አላምረው፤ ጉበቱ ሳይቀዘቅዝብዎ።»