ፊውዝ በኪስ

ሸዋረጋ እንደ ወትሮዋ ማልዳ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፣ ከትናንት የተረፈውን ቂጣ በሻይ በላች፣ ጋቢዋን ደርባ ገብሷን በጋሪ አስጭና ወደ ወፍጮ ቤት ወረደች። የባሏ የፕሮፌሰር መርስዔ ኃዘን ሙት ዓመት ቅዳሜ ነው፤ ሊጡ ዛሬ ካልተቦካ አይደርስም።

የመሐል ሜዳው ወፍጮ ግን ዱቄት አልሰጥ ብሏል። ትናንት የመብራት መስመሩ ከተጠገነ ወዲህ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ባለቤቱ ዳኜ፣ ሞተሩም እንደኛ ሰው ወደ ኋላ መሄድ አማረው ብሎ ቀልዶ ባለሙያ አስጠራ። የመጣችው አርሴማ የምትባል፣ አምና ከቴክኒክ ኮሌጅ የወጣች ልጅ ናት። ዳኜ ከላይ እስከ ታች አያትና የሚጠገነው ስልክ እንዳልሆነ ነገራት።

አርሴማ ማብሪያውን አጠፋች፤ ሦስቱን ፊውዝ አንድ በአንድ ነቅላ በቱታዋ ኪስ ከተተች። ሽቦዎቹን የነካችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሸዋረጋ ከተቀመጠችበት ማዳበሪያ ላይ ብድግ አለች።

«ለምን ኪስሽ ከተትሻቸው?»

«ሌላ ሰው እንዳያበራብኝ ነው፣ እትዬ። ፊውዙ ኪሳችሁ ሳይገባ እጃችሁን እንዳታስገቡ ይለን ነበር መምህራችን። እሱን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር መርስዔ ኃዘን ናቸው። ፊውዙን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠውን ተማሪ ከላብራቶሪ ያስወጡት ነበር አሉ። ያውቋቸዋል?»

ዳኜ አፉን ሊከፍት ሲል ሸዋረጋ በዓይኗ ከለከለችው።

ባሏ ጡረታ ወጥቶ ወደ ትውልድ ከተማው እስኪመለስ ድረስ ሠላሳ አራት ዓመት አስተማረ። ጥናቶቹ በውጭ መጽሔቶች ወጡ፤ ሙሉ ፕሮፌሰርነቱ የጸደቀለት ዕለት እሷ ከፊት ረድፍ ተቀምጣ አጨበጨበች። ቤት ግን ነጭ ጋውኑን ልታጥብ ስታነሣው ኪሱ በፊውዝ ከብዶ ታገኘው ነበር። ዛሬም ረስተህ ይዘኸው መጣህ እያለች ስንት ዓመት ተነጫነጨችበት። እሱም፣ ልጆቹ በሰላም ወደ ቤታቸው ገብተዋል ማለት ነው ይላት ነበር።

«ጋውናቸውን አጥብ ነበር» አለች ሸዋረጋ።

አርሴማ ነገሩ አልገባትም። ሁለት ሽቦዎች አቀያየረች፣ ፊውዞቹን መልሳ አበራች። ሞተሩን ከወፍጮው ያገናኘው ቺንጋ ተወጠረ፤ ሞተሩ በትክክለኛው አቅጣጫ ዞረ። የሸዋረጋ ገብስ ተፈጨ፤ ዳኜ ከዱቄቱ ዘግኖ በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው፤ ከዚያ ወንበሩን ለልጅቷ ለቀቀላት።

ሸዋረጋ ትኩሱን ዱቄት አስጭና፣ ቀና ብላ ከጋሪው ኋላ ተራመደች። ቤት ስትደርስ፣ እንደ ባሏ ዛሬ ምን አየሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም።