ከትራስ ሲታይ

ሴትዮዋ ጫማዋን አወለቀች፤ ቦርሳዋን ተንተርሳ በስዕል መሸጫው ወለል ላይ በጀርባዋ ተዘረጋች። ሻጩ ክው አለ። "እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?" ብሎ ሊያነሳት ጎንበስ ሲል በእጇ ከለከለችው።

"ደህና ነኝ፣ ልጄ። ያንን ኮረብታና መንገድ ያለበትን ስቀልልኝ። ባለቤቴ ዕድሜ ልኩን የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ መንገድ የሌለው ስዕል አይጥመውም። አሁን ደግሞ ታሞ አልጋ ስለያዘ የሚያየው ተኝቶ ነው። እኔ ቆሜ ብመርጥለት ምን ዋጋ አለው?"

ሰቀለላት። በር ላይ የነበሩ ገበያተኞች ሲሳሳቁ ሰማች፤ ዞር ብላም አላየቻቸው። ከወለሉ ሲታይ ኮረብታውም መንገዱም የለም፤ መስታወቱ ላይ የኮርኒሱ መብራት ብቻ ቦግ ብሏል። ዝቅ አስደረገችው፣ ወደ ግራ አስገፋችው፤ መብራቱ እንደ ዝንብ እየተከተለ እዚያው አረፈ።

"መስታወቱን አውጣው" አለች።

"ኧረ እትዬ! ኮፒም ቢሆን እኮ ስዕል ነው። ያለ መስታወት አቧራ ይጠጣል፣ ቀለሙም ይለቃል። አምስት ዓመት ቢቆይልዎት ነው።"

"አምስት ዓመት?" ድምጿ ለአፍታ ሰለል አለ። "አሜን፣ ቃልህ መሬት ጠብ አይበል! ቀለሙ ሲለቅ እሱ ራሱ በዓይኑ ይየውና ሌላ እገዛለታለሁ። አውጣው!"

ሻጩ ፍሬሙን ገልብጦ ምስማሮቹን በጉጠት መንቀል ጀመረ። እሷ ግን ከወለሉ አልተነሳችም፤ መንገዱን ሳታይ የምትነሳ አትመስልም ነበር።