የሙሉሽ አምስት ዓመት

«ሦስት ዓመት ይቀርዎታል፤ ስልሳ ሲሞላዎት ይምጡ» አለ የጡረታ ቢሮው ሠራተኛ ዕዝራ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

ሙሉሽ ጆሮዋን አላመነችም። ከገዘር ጂንካ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ታጭቃ የመጣችው ይህን ልትሰማ ነው? ስልሳንማ ካለፈች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች! ጉልበቷ ይመሰክራል፤ አፏ ውስጥ የቀሩት ጥርሶችም ይመሰክራሉ።

«ልጄ፣ እስቲ ቀና ብለህ እየኝ። ሃምሳ ሰባት እመስልሃለሁ?»

«እማማ፣ እኛ መልክ አይተን አንሠራም።»

«ሃምሳ ሰባት ከሆንኩ ምን እማማ ትለኛለህ ታዲያ!»

ከጎኗ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ ጅሩ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ እያሽከረከረ ሳል አፈነ። ሳቅም ይሆናል። በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

ዕዝራ ክፉ ልጅ አይደለም፤ እሷንም ያሳረራት ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን የልቧን ተናግራ ትወጣ ነበር። እሱ ግን ወንበር ስቦ አስቀምጧታል፣ ውሃ አቅርቦላታል፣ አሁንም በዚያ ለስላሳ ድምፁ እንደ ሕፃን ያስረዳታል። ሃያ ሁለት ዓመት በጤና ረዳትነት አገልግላ በፈቃዷ ስለለቀቀች ጡረታዋ የትም አልሄደም፤ ተጠብቆላታል። የሚከፈላት ግን ስልሳ ሲሞላት ነው። ዕድሜዋ የሚቆጠረው ደግሞ መጀመሪያ ስትቀጠር ባስመዘገበችው ነው። ሌላ ብታመጣ ሲስተሙ ሪጀክት ያደርገዋል።

በፈቃዷ! ቃሉ እንደ እሾህ ወጋት። ባሏ ገዘር ላይ አልጋ ይዞ፣ እሷ ኦሞራቴ በዚያ ሐሩር የሰው ልጅ ስትከትብ፣ ዝውውር ብላ ያላንኳኳችው ቢሮ አልነበረም። ዛሬ ነገ ሲሏት ጊዜ ለቀቀች። ምን ታድርግ? ባሏን ጎረቤት ያገላብጥላት? እሱን ከቀበረች በኋላ ጓሮዋን እየቆፈረች ኖረች። ጉልበቷ እምቢ ሲላት የጅሩ እጅ ላይ ወደቀች። ጅሩ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በየወሩ ደጇ ላይ ቆሞ ዘይት፣ ጨው፣ ሳሙና ያቀብላታል። አንድም ቀን ፊቱን አጥቁሮባት አያውቅም። እሷ ግን ዘይቱን በተቀበለች ቁጥር የራሴ እያለኝ ትላለች፤ የራሴ እያለኝ የወንድሜን ጉሮሮ ልዝጋ?

«ይሄ ከጎኔ ያለው ስንት ዓመቱ ነው?»

«አቶ ጅሩማ ባለፈው ዓመት እኔው ነኝ የጨረስኩላቸው። ስልሳ ሞልቷቸው።»

«ታላቄ ነው በለኛ!»

ዕዝራ ወደ ኮምፒውተሩ መለስ አለ። «በፋይሉ መሠረት… አዎ።»

«የለም፣ እኔ እንኳ መንገድ ሥራ ስገባ ቁመቴን አይተው ዕድሜዬን ከፍ…» ብሎ ጅሩ ሲጀምር ሙሉሽ እግሩን ረገጠችው። ይሄ ሞኝ የእሱንም ሊያስነጥቅ ነው! ዕዝራ እንዳልሰማ ሆኖ የጠረጴዛውን ወረቀት አስተካከለ።

«እሱን ተወው፤ የኔን ልንገርህ» አለች። «እናታችን እሱን ወልዳ ከአራስ ቤት አልወጣችም። ስድስት ዓመቴ ነበር። እኩዮቼ ደብተር ይዘው በደጃችን ሲያልፉ እኔ ይሄን አዝዬ አያቸው ነበር። አባቴ ልጁ እግር ያውጣ አለ። እግር ሲያወጣ ደግሞ ይጠንክር አለ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአስራ ሁለት ዓመቴ ነው። ዕድሜዋ አልፏል ብለው እንዳይመልሱኝ አባቴ ሰባት ዓመቷ ነው አላቸው። ድንክ ነበርኩ፤ አመኑት። ይኸው ያ ሰባት እስከ ዛሬ ይከተለኛል።»

ዕዝራ ራሱን አከከ። ከልቡ ያዘነ ይመስላል፤ ሐዘኑም አናደዳት።

«ይገባኛል እማማ። ግን እነዚያን አምስት ዓመታት ምን ብዬ ላስገባቸው? ማስረጃ ይጠይቁኛል።»

ማስረጃ! ሙሉሽ ብድግ አለች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧን ጠበቅ አድርጋ ታጠቀች።

«ጅሩ፣ ተነስ።»

«ወዴት ነው እትዬ?»

«ጀርባዬ ላይ ውጣ።»

«ኧረ በጌታ! ሰው ፊት?»

«ውጣ አልኩህ!»

ጅሩ ይህን ድምፅ እምቢ ብሎ አያውቅም። የመንገድ ሥራ አቧራ አመንምኖት ዛሬ አጥንቱ ብቻ የቀረ ሽማግሌ ነው። እያፈረ እጆቹን በትከሻዋ ላይ አሳለፈ። እሷም ጎንበስ ብላ ጭኖቹን ከሥር ያዘችና አንድ ጊዜ አቃስታ አነሳችው። ባርኔጣው ወለሉ ላይ ወደቀ። በር ላይ ተራ ከሚጠብቁት አንዱ ሳቀ፤ አብሮት የሚስቅ ግን አላገኘም።

«እማማ፣ ኧረ ይወድቃሉ!» ዕዝራ ከጠረጴዛው ዞሮ ሊደግፋት መጣ።

«አትንካኝ! ማስረጃ አላልክም? ይኸው አምስቱ ዓመት! ሽበት አብቅሎልሃል፣ ጡረታ ወጥቶልሃል! መዝግብ!»

ዕዝራ እጆቹን ዘርግቶ ባለበት ቀረ። የሙሉሽ ላብ በአገጯ ይንጠባጠባል። አላወረደችውም።

«እትዬ፣ ይበቃል» አለ ጅሩ ቀስ ብሎ። ከዚያ ሰውነቱ ላላ፣ አገጩም ትከሻዋ ላይ አረፈ። ሙሉሽ ዕዝራ ላይ እንዳፈጠጠች፣ ሳታውቀው፣ ወገቧን ግራና ቀኝ ታወዛውዘው ጀመር፤ አንድ እጇ ወደ ኋላ ሄዶ የሽማግሌውን ጀርባ ቸብ ቸብ ያደርጋል።