ያልተገረዘ የማይገባበት በር

ከአዲሱ ሕግ ወዲህ የኮንዶሚኒየም በሮች ያልተገረዘ ወንድ ልጅ ለታቀፈ ሰው አይከፈቱም። ከሐኪም ቤት ወልዳ የመጣችው ወይንሸት ዝናብ ላይ ቆማ ጨቅላዋን በነጠላዋ ሸፈነችው።

«ኧረ አስገርዢውና እንግባ» አሏት አማቷ እማማ በላይነሽ። «አባቱም ተገርዟል፤ ምን ሆነ?»

«እማማ፣ ሸለፈቱ እኮ ትርፍ ነገር አይደለም። እንደ ጥፍር ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ጫፉን ይሸፍንለታል። ሲያድግ ካልፈለገው ራሱ ይገረዝ።»

«እስኪያድግ ደጅ ልታሳድሪው ነው?»

ወይንሸት ሕፃኑን ለአማቷ ሰጠቻቸው። ከጎረቤት ካቻቢቴ ተውሳ፣ የበሩን ማጠፊያዎች ፈታች። በሩን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ልጇን ይዛ ገባች።

«አንቺ አራስ፣ ሌባ ቢገባስ?» አሉ አማቷ እየተከተሏት።

«ደፉ ላይ እኔ እተኛለሁ» አለችና ፍራሿን መጎተት ጀመረች።