ከሙከራ ሰዎች መሃል

ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው እህል የማትቀምሰው?

አያትየዋ ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምረው ሲያመነዥኩት ቆይተው ምሳ ሰዓትም አልፎ መልስ አላገኙለትም። ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ያኖሩት ሳህን ቀዝቅዞ ዘይቱ ረግቷል። የልጅ ልጃቸው ጉልበቷን ወንበሩ ላይ ሰብስባ፣ የአውራ ጣቷን ጥፍር እየነከሰች፣ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ እንደተከለች ናት።

"የኔ እናት፣ ጥፍር አያጠግብም" አሉ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ እያደረጉ። "ይሄ ይሻልሻል።"

"ቆይ እማማ።"

"ቆይ፣ ቆይ። ሆድ ቆይ ሲሉት ይቆያል እንዴ?"

ልጅቷ አልሳቀችም። ያስፈራቸውም ይኸው ነው። ከዚህ ቤት ማንም ሰው "ወዴት? ከማን ጋር? መቼ ትመለሻለሽ?" የሚለውን የእሳቸውን ፍተሻ ሳያልፍ አይወጣም፤ እሷም እየሳቀች "የጉምሩክ ሹም" ትላቸዋለች። ዛሬ ግን እዚሁ ፊታቸው ተቀምጣ የት እንዳለች ጠፋባቸው።

ከታችኛው ፎቅ የሚሰማው የስፌት መኪና ድምፅም ዛሬ የለም። "ወይዘሮ መርፌ" የሚሏት ልብስ ሰፊ ባልንጀራቸው ሰሞኑን ስትተነፍስ ይወጋታል። አርፋ ይሆናላ፣ ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። እረፊ ያሏትም እሳቸው ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነበር። ጠዋት ልጅቷ ድረ ገጽ የሠራችለት ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ደውላ፣ "እህቴ፣ የሠራሽልን ድረ ገጽ ያምራል፤ ግን እስካሁን በእሱ በኩል አንድም በሽተኛ አልተመዘገበልንም" አለቻት። ልጅቷ ሰው ገና አልለመደውም ልትል ነበር፤ ትታው ኮምፒዩተሩን ከፈተች። ከዚያ ወዲህ ከወንበሩ አልተነሣችም።

"ተበላሸ?" አሉ አያትየዋ፣ ወንበር ስበው አጠገቧ እየተቀመጡ።

"ቢበላሽ ይሻል ነበር። ቢበላሽ ሰው ያውቅ ነበር።"

"እስቲ እንደ ሰው አስረጂኝ። እኔም እኮ ፊደል ቆጥሬያለሁ።"

ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች። "ሰው ሕመሙንና ስልኩን ሞልቶ 'ላክ' ሲል፣ ድረ ገጹ ወዴት እንደሚልከው የሚነግረው አድራሻ አለ። እኔ ስሠራው ወደ መሞከሪያዬ ነበር የሚልከው። አቶ ሙከራ፣ ወይዘሮ ሙከራ እያልኩ የውሸት በሽተኛ የምሞላበት ቦታ። ለሕዝብ ሲወጣ ግን ወደ ክሊኒኩ መላክ ነበረበት።"

"ታዲያ መቀየር ነዋ።"

"ቀየርኩት እኮ። አድራሻው የተጻፈበት ፋይል ላይ ቀየርኩና፣ ጨረስኩ ብዬ ተነሣሁ። ድረ ገጹ ግን የተገነባው ከዚያ በፊት ነው፤ ሲገነባ ያገኘውን አድራሻ ውጦ ይዞታል። ከዚያ በኋላ ፋይሉን ብትቀይሪው አይሰማሽም። እንደ አዲስ መገንባት አለበት። እኔ ደግሞ አልገነባሁትም።"

"ዳቦው ከወጣ በኋላ ጨው ጨመርኩ በይኛ።"

"አዎ።"

አያትየዋ ከውጭ የሚያዳምጥ ሰው ያለ ይመስል ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አሁን ገንቢውና ዝም በይ። ማን አይቶሽ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

"ገንብቼዋለሁ። ካሁን በኋላ የሚላከው በትክክል ይደርሳል።" ጣቷን ወደ ስክሪኑ ዘረጋች። "እስካሁን የላኩት ናቸው የቀሩት። ከነአቶ ሙከራ ጋር ተደባልቀው እዚህ ተቀምጠዋል። ሁሉንም 'ተመዝግበዋል፤ ነርስ ትደውልልዎታለች፤ ከስልክዎ አይራቁ' ብሏቸዋል። በአረንጓዴ። አረንጓዴውን የመረጥኩት እኔ ነኝ።"

"አንቺ ምን ታደርጊ። እነሱስ ቢሆኑ አያጣሩም? ተይ ልጄ፣ እንጀራሽን በገዛ አፍሽ እንዳትደፊው።"

 ልጅቷ ስክሪኑን ወደ ታች ገፋ፣ ገፋ አድርጋ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ አነበበች።

"'ስትተነፍስ ቀኝ ጎኗን ይወጋታል። ኩሩ ስለሆነች አያመኝም ብትላችሁ አትመኗት።'"

የአያትየዋ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ።

በአንድ ጣታቸው፣ ፊደል በፊደል እየፈለጉ፣ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ባልንጀራቸው ሆስፒታል ልትሄድ ሹራቧን ደርባ በር ላይ ቆማ ነበር። "ምን ሰልፍ ያንገላታሻል፤ ይሄን የሠራችው የኔ ልጅ ናት፤ ይደውሉልሻል" ብለው ሹራቡን ከትከሻዋ ላይ አውልቀው መልሰው የሰቀሉት በገዛ እጃቸው ነው። ትናንት ሻይ ይዘው ሲወርዱም፣ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ "ገና አልደወሉም" አለቻቸው። "አንቺ ደግሞ፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ ስታስገቢ ያለሽ ትዕግሥት የት ሄደ?" ብለው ቀልደውባት ተመለሱ።

"ከጠዋት ጀምሬ እንዴት እንደምነግርሽ ጨንቆኝ ነው" አለች ልጅቷ። ስልኳን አነሣች። "ለሁሉም እደውላለሁ። ለክሊኒኩም እነግራቸዋለሁ፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ። ከእትዬ መርፌ ልጀምር።"

ደወለች።

ከእግራቸው በታች፣ ወለሉን አልፎ፣ የስልክ ጥሪ ተሰማ። ጮኸ፣ ጮኸና ቆመ። ልጅቷ እንደገና ደወለች። እንደገና ከታች ጮኸ።

አያትየዋ ተነሡ። በሩ ሥር ከተደረደሩት ጫማዎች አንዱን ከራሳቸው፣ አንዱን ከልጅቷ አጠለቁ።

"እማማ፣ ወዴት ነው?"

በሩን ክፍት ትተው፣ በሁለት ዓይነት ጫማ፣ የደረጃውን መደገፊያ ጨብጠው ሲወርዱ ስልኩ ከፊታቸው ይጮህ ነበር።