ከካፖርቱ ገበር ሥር

መብሩካ ሽጉጥ ልትመርጥ በመጣችበት ቀን ነገሳ ሊያባርራት አስቦ ነበር። ሴትዮዋን ግን ማባረር ቀላል አይደለም።

ነገሳ ከካራ በላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ የሚኖር ቀጥቃጭ ነው፤ ማረሻና መጥረቢያ ይሠራል። መንግሥት መሣሪያ አስረክቡ ያለ ጊዜ የፈሩ ሰዎች ሽጉጣቸውን እሱ ዘንድ ጥለው ጠፉ። እሱም እንደነሱ ፈርቶ ከሰሉ ሥር ቀበረው።

መብሩካ ሲግናል ሰፈር ልብስ ሰፊ ናት። ምላሷ ከመርፌዋ ይብሳል። የቀበሌው ሊቀመንበር ወልደሰንበት ሱቅሽን ለጽሕፈት ቤት እፈልገዋለሁ ቢላት፣ በስብሰባ መሃል «መጀመሪያ መጻፍ ልመዳ» አለችው። ሰው ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ልጇን ሳልህን ወስዶ አሰረው። የቀሩት የቀበሌ ሰዎች ልጁ ቢፈታ ደስ ባላቸው፤ የያዘው ወልደሰንበት ብቻ ነው፣ ግን ማን ደፍሮ ይናገራል። ቅዳሜ ከተማ ትልቅ ስብሰባ አለ። ከዚያ ስመለስ የሳልህን ነገር እጨርሰዋለሁ ብሎ ወልደሰንበት በአደባባይ ተናግሯል። በዚያ የቀይ ሽብር ክረምት ነገር መጨረስ ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም።

ነገሳ ያሉትን ሽጉጦች ጆንያ ላይ ደረደረ። ወንድ ሽጉጥ ሲያሳይ ሴት ልጁን የሚድር ይመስላል፤ አንዱን ያነሣል፣ ይወለውላል፣ ዘሩን ይቆጥራል። አፈ ረጅሙን አመሰገነላት፤ ዝሆን ይጥላል አላት።

«ዝሆን የበደለኝ የለም» አለችና ትንሿን አነሣች። ጥይት መጉረሻዋ የሚሽከረከር፣ አፏ አጭር፣ ዝገት የበላት ነበረች።

እሷን ይተዉ፣ ትከሽፋለች አላት። መብሩካ አልሰማችውም፤ በጣቶቿ ውፍረቷን ለካች። ቀጭን ናት፣ ትሆነኛለች አለች። የእጀታዋን እንጨት አውልቅልኝ፣ ከኋላ ቀና ያለችውንም ጉጥ ጨርቅ እንዳትይዝ በሞረድ ብላልኝ ብላ አዘዘችው።

«እንጨቱ ከወለቀ ሲይዙት እጅዎን ይቆርጣል፣ እትዬ።»

«ይቁረጠው።»

ነገሳ እያጉረመረመ ሞረደ። ጥይት ቢሰጣት አንዱን አስቀርታ ሌላውን መለሰችለት። ይበቃል አለች።

ከዘንቢሏ ካፖርት አወጣች። ወፍራም የሱፍ ካፖርት ነው፤ ልትሞክረው ትከሻዋ ላይ ብትጥለው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት። ነገሳ የሟች ባሏ የሸረፈዲን መስሎት አዘነላትና የእሱ ነው ወይ አላት።

«ሸረፈዲን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ምን ትከሻ ነበረው» አለች። ነገሳ ሳቀ።

ገበሩን በምላጭ ፈታችው። ሽጉጧን ከኋላ፣ ከወገብ ዝቅ አድርጋ አስተኛቻት፤ በጨርቅ አፍና ዙሪያዋን በድርብ ክር ሰፋች። ነገሳ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና ተናደደ። ኪስ ማለት እጅ የሚገባበት ነው፣ ይሄ አፍ እንኳ የለው፤ ሰውየው ፊትዎ ቆሞ እርስዎ ጀርባዎን ሊተረትሩ ነው ወይ አላት።

«አንተ ስለ ማረሻ አስተምረኝ» አለችው። «የኪሱን ለእኔ ተወው።»

ነገሳ የባሰ የሚያስፈራውን እስካሁን አልተናገረም ነበር። ማዶ ባለው ቀበሌ ሊቀመንበሩ ሲገደል፣ በዚያው ቀን እስረኞቹን አውጥተው ረሽነዋቸዋል።

«ወልደሰንበትን ገደሉት ማለት ሳልህን በእጅዎ ገደሉት ማለት ነው።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ቀና አላለችም።

 ቢሆንም ተከትዬው ስብሰባው አዳራሽ እገባለሁ ብላ እንደሆነ ብሎ መከራት። በሩ ላይ ሊቀመንበርም ቢሆን መሣሪያውን አስረክቦ ነው የሚገባው። ባለፈው አንዱ ሽጉጥ ደብቆ ወደ አለቆቹ ሊገባ ሲል ተይዞ፣ የማን ነው ብሎ የጠየቀው እንኳ የለም፤ ከዚያው ወሰዱት።

«ሲፈትሹ እጃቸው እንዴት ነው?»

«ገበሩን ሳይቀር ነው የሚዳብሱት። መርፌ አያመልጣቸውም።»

መብሩካ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ቀጥላ ሁለቱን እጅጌዎች አሳጠረች፣ ካፖርቱን አራገፈችና አጥፋ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች። አመሰግናለሁ እንኳ አላለችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ነገሳ አላስችለው አለ። ሊያስቆማት ከካራ እየሮጠ ወረደ። ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ሲግናልን ሸፍኖታል። ሱቋ ዝግ ነበር። ከወልደሰንበት ቤት ደጅ ሲደርስ መብሩካ ካፖርቱን ክንዷ ላይ ጥላ፣ እጆቿን ከሥሩ ደብቃ ወደ በሩ ስትጠጋ አያት። ዘበኛው አንዴ ካፖርቱን አየና ዞር ብሎ አሳለፋት። ነገሳ ዘበኛውን አህያ ብሎ በሆዱ ሰደበው።

ወልደሰንበት ሞተሩ ከተነሣው መኪና አጠገብ በሸሚዝ ቆሞ ብርዱ ያንቀጠቅጠዋል። ስታየው ፈገግ አለች። መብሩካ ፈገግ ስትል ነገሳ ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም። ሊጮኽ አፉን ከፈተ። እሷ ግን ቀድማ ሊቀመንበሩ አጠገብ ደረሰች፣ እጇን ከካፖርቱ ሥር አወጣች።

ሁለቱን ትከሻ ይዛ ካፖርቱን ዘረጋችለትና «እጅጌውን እንዳሉኝ አሳጥሬዋለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለችው፤ «እንደ መኮንኖቹም ቀጥ ብሎ እንዲወርድልዎ ከኋላ የእርሳስ ብረት ሰፍቼበታለሁና፣ ከበድ ቢልዎት እሱ ነው።»