ከሽንኩርት የማይከብድ አንቴና

ይትባረክ የሽቦውን ጫፍ ያጥፈዋል፤ መልሶ ይዘረጋዋል። የመለኪያው መርፌ ንቅንቅ አይልም። ትናንት ሳሎን ውስጥ ልክ የነበረው አንቴና ዛሬ ጣሪያ ላይ እምቢ ብሏል።

ስልኩ ይጮሃል። እህቱ ሩሃማ ናት፤ ሁለተኛውን ሬዲዮ ይዛ የካ ተራራ ላይ ቆማለች።

«ምንም የለም» ትለዋለች። «ሽሽሽ ብቻ። በስልክ እያወራን ሬዲዮ መሞከራችን አያስቅህም?»

«ባሌ ተራሮች ስትገቢ ስልክ አይሰራም።»

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ?»

ሩሃማ አስጎብኚ ናት፤ አምና ለተጓዦቿ መንገድ ልታጠና እዚያው ብቻዋን ወጥታ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ ሁለት ሌሊት ዝናብ ላይ አድራለች። ያኔ ይትባረክ ኦስሎ ነበር፤ ስለ አንቴና ይማር ነበር። ነገ ደግሞ ልትሄድ ነው።

«ትንሽ ጠብቄ እወርዳለሁ። ካልሰራ ጥዬው ነው የምሄደው፤ የማይናገር ነገር አልሸከምም።»

«ተጠቅልሎ ካልሲ ውስጥ ይገባል እኮ! ከሽንኩርት አይከብድም!»

«ሽንኩርቱ ይሻለኛል፤ ቢያንስ ወጥ ይሆናል።» ዘጋችው።

ፒንሳውን ያነሳል። ቢያሳጥረውስ? ከተሳሳተ ሌላ የለውም፤ የመገናኛን ሱቆች ሲዞር ውሎ ያገኘው ቀጭን ሽቦ ይሄው ብቻ ነው። ያ ሁሉ ትምህርት ለዚህች ካልበቃ ለምን ተመለሰ?

«ይትባረክ!» የታችኛው ፎቅ ጎረቤት እትዬ ወርቄ እርጥብ አንሶላ የሞላ ባልዲ ይዘው ቆመዋል። «አሁንም የልብስ ማስጫዬ ላይ ነህ? ያንተስ ደርቋል፤ አውርደው።»

«እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱኝ…»

«ጠዋትም ትንሽ ነበር ያልከኝ።»

ሽቦውን ከብረቱ ማስጫ መንጭቆ ያወርዳል። ግንበኞች የተዉት ረጅም አጣና ጥግ ላይ ተጋድሟል። በንዴት ጫፉ ላይ ያስረዋል፤ መለኪያውን ነቅሎ ሬዲዮውን ይሰካል፤ አጣናውን በሁለት እጁ አቅፎ ያቆመዋል።

ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን ከአናቱ ያልፋል። ጩኸቱ ሲርቅ እግሩ ስር ያለው ሬዲዮ ይንኮሻኮሻል።

«…ትሰማኛለህ? መውረዴ ነው።»

ብረቱ! ቀኑን ሙሉ ከብረት ጋር አጣብቆ ነው የሰቀለው። ብረት አንቴናን ያፍናል፤ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው።

ሊመልስላት ቁልፉን መጫን አለበት። አንድ እጁን ቢለቅ አጣናው ይወድቃል።

«ይትባረክ? በቃ፣ ወረድኩ።»

«እትዬ! ሬዲዮውን! ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ይጫኑልኝ!»

እትዬ ወርቄ አንሶላውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ያጎነብሳሉ። ሬዲዮውን ወደ አፉ ያስጠጉለትና ቁልፉን ይጫናሉ። አጣናው ያዘነብላል፤ ይትባረክ ሊያቃናው ይታገላል።

«ተናገር እንጂ!» ይጮሃሉ። «እጄ ረጥቧል፣ ኤሌክትሪክ ሊይዘኝ ነው!» ቁልፉን ይለቁታል።

ሽሽሽ። ከዚያ የሩሃማ ሳቅ።

«እትዬ ወርቄ? እርስዎ ነዎት?»

ይትባረክ አጣናውን ዝቅ አያደርግም። የአንሶላው ውሃ ጫማው ላይ ጠብ ጠብ ይላል።